ሸራ የለበሰው ሻንጣ

ይህን የምጽፈው እርቅ ፈልጌ አይደለም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮብኛል፤ ሻይ አጠጥቼ መልሻቸዋለሁ። የምጽፈው ወሬው በአንድ ወገን ብቻ ሲወራ ስለከረመ ነው። በለቅሶ ቤትና በሰርግ ቤት ስሜ የሚነሳው «ያቺ አደራ የገፋችው» እየተባለ ነው። እንግዲህ እኔም ልናገር፤ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ጥሩኝ።

ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሲሞት ልጃችን ሰላም ገና ተማሪ ነበረች። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ታላቅ እህቱ እትዬ ጥሩነሽ ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የወንድሜ ሚስት ሜዳ ላይ አትወድቅም» አሉ። ሰው አለቀሰላቸው። እኔም አለቀስኩ። ሲኤምሲ ካለው ቪላቸው ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሰጡንና ገባን። ድንኳኑ በተነሣ በሳምንቱ ሠራተኛቸውን አሰናበቱ። ለምን እንዳሰናበቷት አልነገሩኝም፤ በማግስቱ ግን የማድ ቤቱ ቁልፍ እኔ እጅ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ከእጄ አልወጣም።

ይህን ሁሉ መቻል ይቻላል፤ ችዬዋለሁም። ያልቻልኩት የሰላምን ሻንጣ ነው።

ሰላም ዱባይ ሥራ አግኝታ ስትሄድ አዲስ ሻንጣ ገዛሁላት። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ጎማው ድምፅ የማያሰማ ነበር። በዚያው ሰሞን የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ናሆምም ወደዚያው ሊሄድ ይሰናዳ ነበር። ሰላም ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት እትዬ ጥሩነሽ ወደ ሰርቪሷ መጥተው ሻንጣውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ለወንድ ነው የሚሆነው» አሉ። «ናሆም ቢሮ ነው የሚገባው፤ ሰው ያየዋል። ለሰላም የኔን እሰጣታለሁ።»

የሰጧት ሻንጣ ዚፑ የላላ፣ አንድ ጎማው የተነቀለ ነበር። በገመድ አሰርነው። እዚያ ሲደርስ ገመዱም ዚፑም አልነበሩም። ልጄ ደውላ ስታለቅስ ቃሏን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «እማ፣ የውስጥ ልብሴ ኤርፖርቱ ውስጥ ሻንጣ ይዞ በሚዞረው ላስቲክ ላይ ተበትኖ መጣ። በርበሬው በሰው ሁሉ ሻንጣ ላይ ፈሰሰ። እየዞረ ሲመጣ ነው አንድ በአንድ የለቀምኩት። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ቪላው ገባሁና እራት አቀረብኩ። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩት፤ ከዚህ ቤት የሚወጣ የኔ ሻንጣ ዳግመኛ ሆዱ አይከፈትም።

ዓመታት አለፉና ሰላም አግብታ አረገዘች። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው ብለው ቀን ቆረጡላት። ባሏ ወደብ ላይ በፈረቃ የሚሠራ ነው፤ ሌላ ሰው የላትም። ቲኬት ገዛችልኝ። የምደርሰው ሆስፒታል በምትገባበት ዋዜማ ነበር። ስትደውል ደግማ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ አንድ ነገር ነው። «እማ፣ ኤርፖርት ሲጠይቁሽ ሻንጣውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ ማለት አለብሽ። የሰው እቃ እንዳትይዢ። እዚህ አገር ‹ዘመድ ነው የሰጠኝ› ብሎ ነገር አይሠራም፤ የተገኘው ነገር ሁሉ ያንቺ ነው።»

ቲኬቱ አንድ ሻንጣ ብቻ የሚያስይዝ ነበር። ምን እንደምይዝ ለማወቅ ብዙ አላሰብኩም። የአራስ የገንፎ ዱቄት፣ በደንብ የተነጠረ ቅቤ፣ በሶ፣ ለሕፃኑ የሰፋኋቸው ልብሶች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የባሌ ጋቢ። ባሌ ጅቡቲ መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ሲያድር የሚለብሰው ጋቢ ነው። ሰላም ስትወለድ የታቀፈችው በእሱ ነው፤ የልጅ ልጁም በእሱ ይታቀፋል ብዬ ነበር።

ከባሌ የቀረኝ ሌላው ነገር የመኪናው ሸራ ነበር። የሰው ስኳርና ሲሚንቶ ከዝናብና ከአቧራ ሲሸፍን የኖረ አረንጓዴ ሸራ። ዳርና ዳሩ አልቋል፤ መሐሉ ግን ቢላ አይበሳውም። ጎሮ ወዳለችው ወዳጄ ወደ ዘሃራ ወሰድኩት። ዘሃራ የወሎ ሰው ናት፤ ፕላስቲክና ሸራ ትሸጣለች፤ ሱቋ ውስጥም አሮጌ የስፌት መኪና አላት። ለመያዣውና ለጎማዎቹ ቀዳዳ ትቼ፣ ሻንጣውን ልክ እንደ ልጅ ለክቼ አለበስኩት። በአንድ ጎኑ ያለውን መዝጊያ ግን በመኪና አልሰፋሁትም። ሻንጣው ከሞላ በኋላ በጆንያ መርፌና በቀይ ክር በእጄ ዘጋሁት።

እትዬ ጥሩነሽ ሲያዩት ሳቁ።

«ምንድን ነው እሱ? ሻንጣ ነው ወይስ ጤፍ የጫነ አይሱዙ?»

ልጃቸው ሊያም ከስልኳ ቀና ብላ፣ «አክስቴ ሙች፣ ኤርፖርት በፕላስቲክ ይጠቀልሉልሻል እኮ! ይሄ ነገር ኢምባራሲንግ ነው» አለች።

«ያ ፕላስቲክ ጭረት ይከላከላል፤ ሻንጣ ሲወረወር ግን አይችልም» አልኳት።

ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ የመጡበትን ነገር አወጡት። ናሆም በዚያው ሳምንት ዱባይ ላይ ሊያገባ ነበር፤ እሳቸውና ሊያ ግን ቪዛው ስላልደረሰላቸው አይሄዱም። የሙሽራዪቱ የመልስ ቀሚስና ካባ እዚህ ተሠርቶ አልቋል፤ እኔ ልወስድ ነው። በርበሬና ዳቦ ቆሎም አለ።

«አልችልም፣ እትዬ» አልኩ። «ክብደቱ ሞልቷል። ሰላምም የሰው እቃ እንዳትይዢ ብላኛለች።»

«የሰው እቃ?» ደረታቸውን ያዙ። «ናሆም ሰው ሆነ?»

የሸራውን ጫፍ አስተካከልኩ። እሳቸውም አልደገሙትም። ዝም ማለታቸው ሊገርመኝ ይገባ ነበር። አመሻሽ ላይ፣ «ሊያ የሻንጣ ሚዛን አላት፤ ትመዝንልሽ» ብለው ሻንጣውን ወደ ቪላው አስወሰዱት። «ኪሎው ልክ ነው፤ ግን ከባድ ስለሆነ እዚሁ ሳሎን ይደር፤ ጠዋት ከዚህ መኪና ላይ ይጫናል» ተባልኩ።

ጠዋት ቁርሳቸውን ሠርቼ ወጣን። ሊያ ትነዳለች፤ እትዬ ጥሩነሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሰዓት እንዳያልፈኝ ብዬ በጣም ቀደም ብዬ ነበር ያስነሣኋቸው። ቦሌ ደርሰን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሻንጣውን ስናወርድ ሸራውን ለማስተካከል እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴ ስፌቱ ላይ አረፈ።

እኔ ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ በግራ እጄ ስለሠራሁ ስንት ተመትቻለሁ፤ አልተውኩትም። ግራኝ ሲሰፋ ስፌቱ የሚያዘነብለው ሌላው ሰው ከሚሰፋበት በተቃራኒ ነው። ሸራው ላይ ያለው ቀይ ክር ወደማላውቀው ጎን አዘንብሏል።

ጎንበስ ብዬ ደግሜ አየሁት። ክሩ የኔ ክር ነው፤ ቀዳዳዎቹም የኔ ቀዳዳዎች ናቸው። እጁ ግን የኔ አይደለም።

«እትዬ፣ ሻንጣዬን ማን ከፈተው?»

«ማን ይከፍተዋል? ነይ፣ ሰዓት ሄደ።»

ሊያን አየኋት። ስልኳን ታያለች፤ የስልኩ መብራት ግን ጠፍቷል።

መቀስ የለኝም። ተንበርክኬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ሊያ «አክስቴ፣ ፕሊስ፣ ሰው ያያል!» አለች። ሰው አየ። ልጃቸውን ሊሸኙ የመጡ ቤተሰቦች ዙሪያችንን ቆመው ነበር።

ሻንጣውን ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው የበርበሬ ሽታ ነው። ቀጥሎ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ቀሚስ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ፣ በፌስታል የታሰረ ዳቦ ቆሎ። ከሥር ቅቤዬና የሕፃኑ ልብሶች ነበሩ። የገንፎ ዱቄቱ የለም። በሶው የለም። ጋቢው የለም።

«ጋቢው የት አለ?»

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አትጩኺ። ቤት ነው ያለው፤ ማን ወሰደብሽ? ለዱባይ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርጋል? ዱቄቱም እዚያ ይሸጣል። የመልስ ቀሚስ ግን አይሸጥም። አስቤልሽ ነው።»

«ጋቢው የወንድምዎ ነው።»

«ወንድሜን ልታስተዋውቂኝ ነው?»

የቀሚሱን ጥቅል አነሣሁና መሬት እንዳይነካ በጥንቃቄ በክንዳቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ካባውን ደረብኩበት። በርበሬውንና ዳቦ ቆሎውን እግራቸው አጠገብ አኖርኩ። ከዚያ ሻንጣዬን ዘግቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ጋቢዬና ዱቄቴ ካልመጡ ከዚህ አልነሣም።»

«ምን?»

«ሰምተውኛል፣ እትዬ።»

«ቅሪያ!» ጮኹ። «ልጅሽ ናት ብቻዋን የምትታረደው! እኔ ምን ተጎዳሁ?»

ይህን ቃል አስታውሱልኝ፤ አንባቢዎቼ። «አደራ የገፋችው» የምትባለው እኔ ነኝ፤ በልጄ ሕመም የመቱኝ ግን እሳቸው ናቸው። ሰላም ብቻዋን አልጋ ላይ ሆና በሩን በሩን ስታይ ታየችኝ። ፊቴ ግን አልተለወጠም። በማድ ቤታቸው የተማርኩት አንድ ጠቃሚ ነገር ቢኖር ፊትን አለመለወጥ ነው።

«እኔ ብቀር ቀሚሱም ይቀራል» አልኩ።

ያኔ ነው የገባቸው። በሳምንቱ ውስጥ ሌላ የሚሄድ ሰው ገና አላገኙም ነበር። ክንዳቸው ላይ ያለውን ቀሚስ አዩና ወደ ሊያ ዞሩ። «ሂጂ አምጪላት። ፍጠኚ።»

ሊያ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። እኔና እሳቸው ፀሐይ ላይ ቀረን። እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው ቀሚስ ታቅፈው ቆመዋል፤ መሬት ስለሚያቆሽሸው ማስቀመጥ አይችሉም። በኑሯችን እኔ ተቀምጬ እሳቸው የቆሙበት ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ወጣት ጥበቃ መጣ። «እናቶች፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም፤ መኪና ይገባል ይወጣል።»

«እሷን ንገራት!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ልጄ፣ ጋቢ እየጠበቅኩ ነው» አልኩት።

«ጋቢ?»

«የባሌን።»

እኔን አየ፤ ቀሚስ የታቀፉትን ሴትዮ አየ። «እሺ፣ እባክዎ ወደ ጥግ ጠጋ ይበሉ» አለና ሻንጣውን አንሥቶ ጥላ ሥር አስቀመጠልኝ። እትዬ ጥሩነሽም ተከትለው መጡ። የት ይሄዳሉ?

«በቤቴ አኑሬሽ!» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ሜዳ ላይ ልትወድቂ ስትዪ ያነሣሁሽ እኔ!»

«አኑረውኛል። ዛሬ ቁርስዎን ማን ሠራ?»

«ለቁርስ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«አይደለም፤ ለሻንጣ ነው። የሰላምን ሻንጣ ያስታውሱታል?»

«የቱ ሻንጣ?»

እውነታቸውን ነው፤ አላስታወሱትም። ተቆጥቼ ስከርም እሳቸው ረስተውት ኖሯል። ስለዚህ ነገርኳቸው። ዚፑን፣ ገመዱን፣ በሚዞረው ላስቲክ ላይ የተበተነውን የልጄን የውስጥ ልብስ፣ አፍንጫቸውን የያዙትን ሰዎች፣ አንድም ሳላስቀር። ድምፄን አላነሣሁም፤ «እርስዎ» ማለቴንም አልተውኩም። አጠገባችን ልጇን የምትሸኝ አንዲት ሴት ጆሮዋን አቅንታ ሰምታ ስታበቃ፣ «ወይ ጉድ! ሻንጣ ይቀማል እንዴ?» አለች ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

እትዬ ጥሩነሽ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

የሲኤምሲ መንገድ ሲዘጋጋ ታውቁታላችሁ። ሰው እየገባ፣ እየገባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ የቆሙት ተጓዦች ሲያልቁ ዓይኔን ከመግቢያው ላይ አላነሣሁም። አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለእሳቸው እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፣ እዚህ ሲያነቡት ይወቁት። ሊያ ባትመጣ ኖሮ ሻንጣዬን አንሥቼ፣ ጋቢውን ትቼ እገባ ነበር። ልጄን በጋቢ የምለውጥ ሴት አይደለሁም። ነገር ግን ይህን እኔ አውቀዋለሁ እንጂ እሳቸው አላወቁትም።

ሊያ መጣች። ጋቢውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ዱቄቱንና በሶውን በዘንቢል ይዛ እየሮጠች ነበር። ጋቢውን ስታቀብለኝ ቀስ ብላ፣ «አክስቴ፣ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ማሚ ናት ያለችኝ» አለች። አላወቅሽም ነበር ብዬ አላጽናናኋትም። መርፌዬን ከነክሩ ከነጠላዬ ጥለት ላይ ነቀልኩ።

ዱቄቱ ገባ፣ በሶው ገባ፣ ጋቢውን ከላይ አጥፌ አስተኛሁት። ሸራውን መልሼ መስፋት ስጀምር እትዬ ጥሩነሽ ቀሚሱን ዘረጉልኝ።

«ይሄንስ?»

«ቀሚሱን አልተቀበልኩም።»

«ጋቢውን አስመጣሁልሽ እኮ!»

«የወሰዱትን መለሱ፣ እትዬ። ስጦታ አልሰጡኝም።»

«እሺ፣ ጋቢውን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ በቦታው ቀሚሱ ይግባ። ወይንሸት፣ እባክሽ።»

«እባክሽ» ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ትንሽ ቀደም ብለው፣ ማታ ሳሎናቸው ውስጥ ብለውት ቢሆን፣ ምናልባት ከበሶው ቀንሼ ቦታ እፈልግ ነበር። ግራ እጄ አልቆመም። የመጨረሻውን ቋጠሮ ወደ ውስጥ ደበቅኩና ክሩን በጥርሴ ቆረጥኩ። መርፌውን ለሊያ ሰጠኋት።

«ያዢው። ሌላ ጊዜ የሰው ሻንጣ ስትከፍቺ ይጠቅምሻል።»

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ፍተሻው በር ሄድኩ። ዞሬ አላየሁም።

ውስጥ ወረፋው አልቆ ነበር። ቆንጆ ልብስ የለበሰች ልጅ ፓስፖርቴን እያየች፣ «እማማ፣ ሻንጣውን ያሰናዱት እርስዎ ራስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ከላይ እስከ ታች እኔ ነኝ።»

ለምን ዓይኔ እንባ እንደሞላ አልገባትም። ሻንጣውን ላስቲኩ ላይ አስተኝታ ላከችው።

ዱባይ ላይ በሚዞረው ላስቲክ ሲመጣ ከሩቅ ለየሁት። በዚያ ሁሉ በሚያብረቀርቅ ሻንጣ መሐል አንድ አረንጓዴ አይሱዙ! ሸራው በአንድ ጎኑ በጥቁር ቅባት ተለውሷል፤ በሌላው ጎን እጅ የሚያህል ተሸንትሯል። ምን እንዳገኘው አላውቅም። ሰላም ቤት ስፈታው ግን ሻንጣው ላይ አንድ ጭረት አልነበረም። ቀይ ክሩም ወደ ራሴ ጎን እንዳዘነበለ ነበር። በማግስቱ የልጅ ልጄ ተወለደ፤ ሆስፒታሉ ቅዝቃዜው ለጉድ ነው፤ ጋቢ ለዱባይ ምን ያደርጋል ላሉት ይድረሳቸው።

የሙሽራዪቱ ጥፋት ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ቀሚሱም አልቀረም፤ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው አንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው ሴት ወሰደችላቸው። በግልጽ ለምነዋት፣ አይታ፣ ወድዳ ተቀበለች። እሱ አደራ ነው። እኛ አገር አደራ እንቢ አይባልም እየተባለ ስንቷ ሴት የማታውቀውን ነገር ተሸክማ በሰው አገር እንደምትቆም አስቡት። አደራ የሚሆነው ሰጪው ገልጦ ሲሰጥ፣ ተቀባዩም አይቶ ሲቀበል ነው። ተሸሽጎ የገባውን በሌላ ስሙ ጥሩት።

ስመለስ ወደ ሲኤምሲ አልሄድኩም። የማድ ቤቱን ቁልፍ በዘሃራ እጅ ላክሁላቸው። አሁን ጎሮ ነኝ፤ ከዘሃራ ሱቅ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሻንጣ ልብስ እሰፋለሁ። የመጀመሪያው ሸራ በሬ ላይ ተሰቅሏል፤ ቅባቱም ሽንትሩም እንዳለ ነው። ደንበኞቼ «እጠቢው እንጂ!» ይሉኛል። አላጥበውም። የሚገዙት ነገር ምን እንደሚሠራ ይዩት።

የሱቄ ሕግ አንድ ነው። ሻንጣውን ባለቤቱ ራሱ ይዞ ይመጣል፤ እፊቴ ሞልቶ፣ እፊቴ ዘግቶ ያለብሰዋል።

ባለፈው ሊያ መጣች። ከስታለች፤ ስልኳንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አክስቴ፣ ማሚ ናሆም ጋ ልትሄድ ነው። ሽፋን ትፈልጋለች። ሻንጣውን መኪና ውስጥ ይዤዋለሁ።»

«እሰፋላቸዋለሁ» አልኳት። «ሻንጣውን ግን መልሺው። ራሳቸው ይዘውት ይምጡ።»

«አትመጣም እኮ፣ ታውቂያታለሽ።»

«አውቃቸዋለሁ። ወንበር አለኝ በያቸው፤ አላቆማቸውም።»

እስካሁን አልመጡም። ሸራው ተቆርጦ ተቀምጧል፤ ቀይ ክሩም መርፌው ላይ ነው።